ፍየል አይደለም፣ ውሻ ነው

ባድራ 24

«ውሻው እየሞተ ነው፤ እሷ ግን እስካሁን አልነገረችውም።»

ጋሽ ቱላ ራጅ ነው ያለው፤ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አሰብኩበት። እውነቱን ነው፣ አልነገርኩትም። ስኳሬን ይዤ ቤት ገባሁና ነገርኩት። «ሙኪያ፣ እየሞትክ ነው ይላሉ።» ግራ ጆሮውን አከከ። ቀጥሎ ቀኙን። ከዚያ ተኛ። የተቀበለው ይመስላል።

ሌላ... ዝናብ። ባድራ የዝናብ ወር ነው። ቆርቆሮው ያው ቦታ ያፈሳል። ድንችና ጎመን ሠራሁ። የሚተኛበትን ጆንያ ሳራግፍ ደም አየሁ። ትንሽ ናት። ትናንትም ትንሽ ነበረች። ትንሽ ሲደጋገም ምን ይባላል?

ሙኪያ፣ የመንደር ሹም፣ ብዬ ስም ሳወጣለት ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ ነበር። እንደ መንደር ሹም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ይቆጣጠራል፣ ምንም አይሠራም። ሹሞች ደግሞ ቶሎ አይሞቱም።

ባድራ 27

ቆላው ከተማ ቡትዋል ደርሰን መጣን፤ በጂፕ። ሙኪያ ጭኔ ላይ፣ አፍንጫው በመስኮት። ቁልቁለቱ ሲጀምር አስታወከ። አጠገቤ በተቀመጠው ሰውዬ ሱሪ ላይ። ሰውየው ሠርግ እየሄደ ነበር። የራሱ ሠርግ አልነበረም፤ ቢሆንም ተቆጣ።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር አስሚታ ገና ወጣት ናት። ነካካችው፣ ጓንቷን አወለቀች፣ አየችኝ።

«እባጭ ነው ቲቸር። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ።»

«በምን?»

«በ... በግንኙነት። ከሴቶቹ ጋር።»

ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተማርኩ፤ በትርፍ ጊዜዬ ሥነ ምግባር። ለካ የገዛ ቤቴ ውስጥ አንድ ተማሪ አልነበረኝም።

«ይድናል?»

«ይድናል። በየሐሙሱ መርፌ፣ እባጩ እስኪጠፋ። ግን እንዳይቋረጥ። ሲቋረጥ እባጩ ይበረታል።»

«እኛ ከተማ፣ ታንሰን ላይ የሚወጋልኝ አላገኝም?»

«ይሄ መድኃኒት ከደም ሥር ውጭ ጠብ ካለ ሥጋ ይልጣል። እኔው ጋ ያምጡት።»

የመጀመሪያውን ዛሬውኑ ወጋችው። ዝም ብሎ ተወጋ። ከኔ ይልቅ ጨዋ ነው።

ስንመለስ የጂፑ ሾፌር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፦ «ቲቸር፣ እርስዎን ዕድሜ ልኬን እጭናለሁ። እሱን ግን ሁለተኛ አልጭንም።» ቤት ሳልደርስ የከተማው ሾፌሮች ሁሉ ሰምተው ነበር። ታንሰን ላይ ወሬ ከጂፕ ይቀድማል።

አውቶቡሱስ? «ዶሮ እንቀበላለን፣ ውሻ አንቀበልም።» እሺ።

ባድራ 29

የሰፈሩ ኮሚቴ መጣ። ኮሚቴው ማለት ጋሽ ቱላ ራጅ ማለት ነው፤ ሌሎቹ ከኋላው ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከመንገዱ ማዶ የናስ ዕቃ ሱቅ አለው። ማሰሮ ሲወለውል የሚያወጣው ድምፅና ሲናገር የሚያወጣው ድምፅ አንድ ነው።

«ቲቸር፣ ውሻዎ የቤተ መቅደሱን ደረጃ በደም እያረከሰ ነው። በዓል እየመጣ ነው።»

«እያሳከምኩት ነው።»

«በምን አድርገው? ጂፕ እምቢ እንዳለዎ ሰምተናል።» (አየህ፣ ከጂፕ ይቀድማል።) «ወስነናል። ይወሰድ። ወንዝ ማዶ፣ ጫካ፣ የትም።»

«መቼ?»

እዚህ ላይ ተንተባተበ። ዳሻይን አለ፤ ከዳሻይን በኋላ ቲሃር አለ፤ የቲሃር ሁለተኛው ቀን ደግሞ የውሾች ቀን ነው። በዚያ ቀን ለውሻ ሁሉ አበባ ይጠለቅለታል፣ ግንባሩ ቀይ ይቀባል፣ ጥሩ ምግብ ይቀርብለታል። ከዚያ ቀን በፊት ውሻ ማባረር ደግሞ ነውር ነው።

«እንግዲህ ከበዓሉ ማግስት» አለ። «ካርቲክ 16 ጠዋት፤ የዛሬ ወር ተኩል ገደማ።»

«መጀመሪያ ታመልኩታላችሁ፣ በማግስቱ ታባርሩታላችሁ።»

«ሥርዓቱ ነዋ።»

ያነበብኩት ታሪክ ሁሉ እንደሚለው ነገሥታትም ላይ የተደረገው ይኸው ነው። ነገሥታቱ ግን ደም አያንጠባጥቡም ነበር፤ ያስንጠባጥቡ ነበር እንጂ።

እስከ ካርቲክ 16 ይድናል። ይድናል አልኩ።

ባድራ 30

ከጓሮ ያለውን ሸራ ፈታሁ። ከሥሩ የባሌ የኪርቲ ሞተር ሳይክል አለ። ባሌ በሞተ በሳምንቱ ታናሽ ወንድሙ ማዳን ነው ሸፍኖ ያሰረው፤ እንደ ሬሳ አጠባብቆ። ቋጠሮው እምቢ ሲለኝ የሽንኩርት ቢላ አመጣሁ።

ኪርቲ ሲታመም ሐኪም ቤት ያመላለስኩት በዚህ ነው። ያኔ ማንም ምንም አላለም። ከሞተ በኋላ ግን ባል የሌላት ሴት በሞተር ወዴት ትሄዳለች ተባለ። ቁልፉን አስቀመጥኩ። ለምን እንዳስቀመጥኩት አሁን ሳስበው... ማንም አልቀማኝም እኮ።

ማዳን ከፖካራ ደወለ። ማን ነገረው?

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሁልጊዜ የሚለውን።»

«ያኔ የጫኑት ባልዎን ነው።»

«አሁን የምጭነው ውሻ ነው። እሱ ቀለል ይላል።»

«እትዬ ቺኒማያ፣ ይዘላል እኮ! ውሻ ነው፤ ድመት ካየ ይዘላል። ዘሎ ይሞታል፣ እርስዎንም ይገድላል!»

ከተናገረው ሁሉ ይቺ ብቻ እውነት ናት። ስለዚህ ጻፍኳት። ይዘላል። እንዳይዘል ምን ይደረግ?

አሶጅ 1

መካኒኩ ባትሪውን ለወጠ፣ ካንዴላውን ጠረገ፣ ፍሬኑን አጠበቀ። ተነሳ! የሰፈሩ ቁራ በሙሉ በረረ።

ከሰዓት በኋላ ጅልነት ሠራሁ። እኛ የተራራ ሰዎች ነን፤ የምንጭነውን ሁሉ በዶኮ፣ በጀርባ በሚታዘል የቀርከሃ ቅርጫት፣ እንጭናለን። እንጨት፣ ሣር፣ ሲሚንቶ፣ የታመመች አማት። ስለዚህ ዶኮውን ከግድግዳ አውርጄ ከሞተሩ ኋላ በገመድ ጠፈርኩት። ሙኪያን ውስጡ አስቀመጥኩ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግቢ ውስጥ፣ ለልምምድ።

ዝንብ መጣች። ሙኪያ ወደ ዝንቧ ዞረ። ዶኮው ከሙኪያ ጋር ዞረ። ሞተሩ ከዶኮው ጋር ዞረ። እኔ ዘልዬ ወጣሁ። አቧራው ሲጠራ ሞተሩ በጎኑ ተኝቷል፣ ሙኪያ ዶኮው ተደፍቶበት እንደ ዶሮ ቆሟል። አልተጎዳም። የጎረቤት ሴቶች ከሰገነት ላይ ሲስቁ አንዷ «እትዬ፣ እንቁላል ይጥላል?» አለች።

ዶኮ የተሠራው ለጀርባና ለግንባር ነው። ታቹ የሾጠጠ ነው። ይሄንን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ። ታዲያ?

አሶጅ 3

ዛሬ ሐሙስ ነበር። መርፌው አለፈ። ዶክተር አስሚታ በስልክ፦ «አንዱን ሳምንት ይቅር እላለሁ። ሁለት ካደረጉት እባጩ ይቅር አይልም።»

ሳጥን ሠራሁ። ከሙስታንግ ፖም የመጣበት የእንጨት ሳጥን ነው፤ ጠርዙ እስከ ደረቱ ይደርሳል። የብረት መደገፊያ ላይ በብሎን አሰርኩት፤ በገመድ አይደለም፣ ገመድ ላይ ተምሬያለሁ። ታቹ እንዳያንሸራትተው የጎማ ምንጣፍ። ማርሚታው በኩል ተጨማሪ ጣውላ፤ ሲግል እግሩን እንዳያገኘው።

ማሰሪያው ነው ያስቸገረኝ። በአንገቱ ባስረውና ቢዘል ይንጠለጠላል፤ ያ ማሰሪያ አይደለም፣ ስቅላት ነው። የዶኮውን የግንባር ማንገቻ ቆረጥኩ። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ የሰው ሸክም ሁሉ የተፈተነበት። በደረቱና በብብቱ ዙሪያ የሚያርፍ አድርጌ ሰፋሁት። ከጀርባው አጭር ቀበቶ ወጥቶ ከሳጥኑ ወለል ጋር ይያያዛል። ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ይዞራል። የፊት እግሩን ግን ጠርዙ ላይ መስቀል አይችልም።

ዶኮው በመጨረሻ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

አሶጅ 4

ሳጥኑ መሬት ላይ። ምሳውን ውስጡ በላ። ወጣ።

አሶጅ 5

ሳጥኑ ሞተሩ ላይ። አንስቼ አስገባሁት። ኦቾሎኒ። አንስቼ አወጣሁት። ወገቤ!

አሶጅ 6

እንደቆምን ሞተሩን አስነሳሁ። ተንቀጠቀጠ። እሱ ነው ወይስ ሞተሩ? ሁለቱም።

አሶጅ 8

ቱንዲኬል ሜዳን ዞርን፤ በአንደኛ ማርሽ። ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታቸውን አቆሙ። «ቲቸር፣ ሹሙን ወዴት ይዘውት ነው?» «ለጉብኝት!» ሙኪያ አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ፣ ከንፈሩን ላሰ። ዘና ብሏል። ይወደዋል!

አሶጅ 9

የኪርቲ ሄልሜት ራሴ ላይ እንደ ባልዲ ይዞራል። ሱቅ ሄድኩ። በልኬ ያለው ቀይ ብቻ ነው። ባለሱቁ እጁ ሄልሜቱ ላይ ቀረ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ቀይ እንደማታደርግ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ቲቸር... ጥቁሩ በሚመጣው ሳምንት ይገባል።»

«ጭንቅላቴ ግን ነገ ነው የሚወጣው።»

«ሰው...»

«ለጭንቅላቴ ነው የምገዛው እንጂ ለሠርግ አይደለም።»

ቀዩን ለብሼ ወደ ቤት መጣሁ። በእግሬ። በጋሽ ቱላ ራጅ ሱቅ በኩል፣ ምንም እንኳ በዚያ በኩል ቢረዝምም።

አሶጅ 10

ሄድን!

ቡትዋል እኩለ ቀን ላይ ምጣድ ነው፤ ስለዚህ ገና ሳይሞቅ ወጣን። ሆዱ ባዶ ነው፤ ያንን የሠርግ ሱሪ አልረሳሁም። ቁልቁለቱን በዝግታ፤ የጭነት መኪኖቹ ከኋላ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፣ እኔ አልሰማም። መጠምዘዣ ላይ ወደ ጎን እንዳላዘነብለው፣ ፍሬን ቀስ በቀስ እንጂ ድንገት እንዳልይዝ... ሰው ሲጫን ይይዝሃል። ውሻ አይይዝም። ሁለታችሁንም አንተ ነህ የምትይዘው።

በልጆች መነጽር ዓይኑን ልሸፍንለት ነበር፤ መነጽሩን ትናንት በላው። ቢሆንም ጀርባዬ ከነፋስ ይከልለዋል። ሰፊ ጀርባ ነው። በዚህ ዕድሜው ሥራ አገኘ።

ሁለት ቦታ ቆመን ውሃ ሰጠሁት። ከመጀመሪያው መጠምዘዣ ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ አገጩን ወለሉ ላይ አድርጎ ነበር። ረግቷል።

ዶክተር አስሚታ ወጥታ ሳጥኑን ዞራ አየችው። ማሰሪያውን ሳበች። «ማን ሠራው?» «እኔ።» «ሄልሜቱስ?» «እሱን ገዛሁት።» ሳቀች።

ተወጋ። ተመለስን። 

አሶጅ 17

ሦስተኛው መርፌ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ናዳ መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ እስኪጠረግ ጠበቅን። ማዳን ደወለ፦ «ውሻው አልፈራም?» «ይወደዋል!» አልኩት።

አሶጅ 24

ዳሻይን ደረሰ። አገሩ በሙሉ ፍየል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በአውቶቡስ ጣሪያ፣ በጂፕ፣ በትከሻ... ከሁሉም በላይ በሞተር።

ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። ከሳጥኑ የሚታየው የሙኪያ ቡናማ ጀርባ ብቻ ነበር።

«እናቴ፣ መልካም ዳሻይን! ፍየሉን ስንት ገዙት?»

«ፍየል አይደለም፣ ውሻ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። ቀረብ ብሎ አየ። ሙኪያም ቀና ብሎ አየው።

«ውሻ በሞተር መጫን ክልክል ነው።»

«የትኛው ሕግ ላይ?»

«አደገኛ ነው።»

ይሄን ሲል በአጠገባችን አንድ ሞተር አለፈ። ሁለት ሰው፣ መሃላቸው ፍየል። ፍየሉ አልታሰረም፤ ቀንዱ የነጂው ጆሮ ሥር ነው። ለሦስቱም አንድ ሄልሜት የለም። ትራፊኩ እጁን አነሳላቸው። «መልካም ዳሻይን!»

«እሱስ?» አልኩት።

«እሱማ ሊታረድ ነው።»

«ገባኝ። ሊሞት የሚሄድ ይፈቀዳል። የኔ ሊድን ነው የሚሄደው፣ ጥፋቱ እሱ ነው።»

አየኝ። ከዚያ ሳጥኑን ነቀነቀ፤ አልተነቃነቀም። የደረት ማሰሪያውን ሳበ፤ ሙኪያ በትዕግሥት ተሳበ።

«ጠንካራ ነው» አለ በመጨረሻ። «ይሄን ዓይነት ለፍየልም ይሠራሉ?»

«ፍየሉ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ።»

ይሂዱ አለኝ። እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስ ብቻዬን ሳወራ ነበር። እንዴት ደስ ይላል መልስ በሰዓቱ ሲመጣ! አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ ዕቃ ሳጥብ ነው።

ካርቲክ 1

ደሙ ቆሟል። ጆንያው ንጹሕ። ለጋሽ ቱላ ራጅ ነገርኩት።

«እንኳን ደስ ያለዎ» አለ። «ውሳኔው ግን ውሳኔ ነው።»

«የወሰናችሁት ስለ ደሙ አልነበረም?»

«ቲቸር፣ አንዱን ውሳኔ ከለወጥን የውሃ ቧንቧውንም፣ የቆሻሻውንም ለውጡ ይሉናል። ኮሚቴ እንዲህ ነው የሚፈርሰው።»

ስንት መንግሥት በዚህ ምክንያት ቀጥሏል?

ካርቲክ 8

ኮሚቴውን ሻይ ቤት አገኘሁት። ሁሉም ባሉበት እንዲህ አልኩ፦ «ካርቲክ 16 ጠዋት ሊወስደው የሚመጣ ሰው ሄልሜት ይዞ ይምጣ። እኛ በሞተር ነን፤ ማባረር ከፈለጋችሁ በእግር አይሆንላችሁም።»

አንዱ ሻዩ ትን አለው። ቱላ ራጅ አልሳቀም። ድሮም ሌላ ሰው በቀለደው አይስቅም።

ቤት ስገባ ግን... ወዴት ነው የምንሸሸው? እዚህ ድረስ አስቤ አላውቅም።

ካርቲክ 15

እጄ ቆስሏል፤ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

የውሾች ቀን ነው። መርፌውም ዛሬ ነበር። ገና በጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ በራፌ ላይ። የሳቁብኝ ሴቶች የሩዝ ዱቄት ዳቦ ጠብሰው አመጡ፤ ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሥጋ። ስንመለስ እንዲበላው አስቀመጥኩለት። ግንባሩ በቀይ ተቀባ። አንገቱ አበባ በአበባ ሆነ፤ ሙኪያም ይገባኛል በሚል ፊት ተቀበለ።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ቱላ ራጅ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ። ጉንጉኑ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ብርቱካናማው አበባ ድርብ ሆኖ የተሰካ፣ ጫፉ መሬት ይደርሳል። ተንበርክኮ በሁለት እጁ አጠለቀለት። ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ነገ ጠዋት ለሚያባርረው ውሻ! ከልቡ ነበር። እሱ ነው የሚገርመው፣ ከልቡ ነበር።

የሌሎቹን አወለቅሁ፤ አንገት ላይ ምንም እንዳይኖር ብዬ ራሴ ያወጣሁት ደንብ ነው። የእሱን ተውኩት። ማውለቅ ጠብ ነው አልኩ። ውሸት። በእሱ አበባ አሸብርቆ በእሱ ሱቅ ፊት እንዲያልፍ ፈልጌ ነው። ከተማው እንዲያይ። ሞተሩን በደንብ አጓራሁት።

ቁልቁለቱ መሃል ላይ ነፋሱ ጉንጉኑን አነሳው። ጫፉ በጠርዙ ወጣ። አላየሁም። ጎማው ያዘው።

ከኋላ አንድ ስበት፣ ከዚያ የሙኪያ ድምፅ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። ፍሬን... ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ በይ... ወደ ዳር። ዞሬ ሳይ አንገቱ ጠርዙ ላይ ተጣብቋል፤ ክሩ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ወደ ታች ይስበዋል። አበባው ተበትኗል፣ ክሩ አልተበጠሰም። ናይለን ነው! የደረት ማሰሪያው ሰውነቱን ወለሉ ላይ ይዞታል፤ ባይዘው ጎማው ሥር ነበር። ግን አንገቱ... ምላሱ ሰማያዊ እየሆነ።

በጥርሴ ሞከርኩ። በጣቴ ሞከርኩ፤ ክሩ ጣቴን ቆረጠው። ጮህኩ። መንገድ ዳር ዳቦ የምትጠብስ ሴትዮ የሣር ማጭዷን ይዛ ሮጠች። «ወዲያ በይ እህቴ!» ብላ ገፍትራኝ ከአንገቱ ሥር አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችው። ተቆረጠ።

ሳለ። ደግሞ ሳለ። ተኛ። አየኝ።

ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፦ «የቱ ሞኝ ነው የውሻ ጉንጉን በናይለን የሚሰካ?» አላወቀችኝም፤ ጉንጉኑን ስላላወለቀችው ሌላ ሞኝም አልነገርኳትም።

ዶክተር አስሚታ ጉሮሮውን አየች። ውጫዊ ነው፣ ይድናል። ከዚያ ሌላውን ቦታ አየች። ረጅም ጊዜ አየች። «ቲቸር፣ እባጩ የለም። ለጥንቃቄ የዛሬውን እወጋዋለሁ። አልቋል።»

ሐኪም ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ለየትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ስንመለስ ገና ሳይመሽ ጋሽ ቱላ ራጅ ሱቅ ገባሁ። ክሩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ፤ ሁለት ሦስት ቅጠል ተጣብቆበታል።

«ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ጉንጉን።»

ክሩን በጣቱ ፈተነ። «አልተበጠሰም» አለ። ሊኮራ ነበር። ከዚያ ከበሩ ላይ ሙኪያን አየው። አንገቱ ዙሪያ ፀጉሩ ተልጦ ቀይ መስመር አለ።

«እናቴ...» አለ። «እናቴ የሰጠኸው ጉንጉን መንገድ ላይ ከተበጠሰ ዕድሜህ ያጥራል ትል ነበር። ለዚያ ነው ናይለን ያደረግኩት።» ተቀመጠ። ተነሳ። «ሊሞት ነበር?»

«ነበር።»

«በኔ አበባ?»

ስለ ነገሥታቱ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሙሉ ወር ያዘጋጀሁት። አላወጣሁትም።

ካርቲክ 16

ከጠዋት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሄልሜቴን ለብሼ፣ ቁልፉ ሞተሩ ላይ። ሙኪያ እግሬ ሥር። ማንም አልመጣም። ሄልሜት ውስጥ ይሞቃል።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ቱላ ራጅ ብቻውን መንገዱን ተሻገረ። በናስ ሳህን ወተት ይዟል።

«ኮሚቴው ዛሬ አልተሰበሰበም።»

«መቼ ይሰበሰባል?»

«ሰብሳቢው ታሟል።»

«ሰብሳቢው እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ምንዎን ነው ያመመዎ?»

አሰበ። «ገና አልወሰንኩም።»

ወተቱን አስቀመጠ። ሙኪያ ጠጣ። ቱላ ራጅ ሳህኑን ሳይወስድ ሄደ።

ካርቲክ 29

ለማረጋገጫ ቡትዋል ወረድን። ምንም የለም፤ አንገቱም ድኗል። «እንግዲህ እንዳትመጡብኝ» አለች ዶክተር አስሚታ። ደስ ብሏት ነው ያለችው። እኔም ደስ አለኝ። ዳገቱን ስንወጣ ግን ፍጥነቴን ቀነስኩ። ለምን ቀነስኩ?

ቱላ ራጅ ሳህኑን እስካሁን አልጠየቀም። በየጠዋቱ ይሞላዋል።

ማንግሲር 6

ሐሙስ። ብርዱ ጠንክሯል፤ ሸለቆው በጭጋግ ተሞልቶ ነጭ ሐይቅ መስሏል። ሐኪም ቤት የለም። መርፌ የለም። ሸራውን ገፈፍኩ። ለምን ገፈፍሽ? ሐሙስ ነዋ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ምንጣፉን አራገፍኩ፣ የደረት ማሰሪያውን አወጣሁ። «ሙኪያ! ና እንሂድ!»

እስከዛሬ እኔ ነኝ አንስቼ የማስገባው። ዛሬ አላነሳሁትም። ድኗል፣ ጉልበቱ ተመልሷል። የድንጋዩን መቀመጫ ከሞተሩ ጎን አስጠጋሁለት፤ ይውጣበት።

መጣ። ሳጥኑን አየ። ማሰሪያውን አሸተተ። እንደ ቱንዲኬሉ ቀን አዛጋ፣ ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ ዞረና በሩን ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ጋሽ ቱላ ራጅ ደጃፍ ፀሐይዋ ላይ ተኛ። ጠራሁት። ጅራቱን መሬት ላይ መታ፤ በትሕትና። አልተነሳም።

ጋሽ ቱላ ራጅ ከማሰሮዎቹ መሃል አንገቱን አወጣ። «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት?»

ሞተሩ እየጓራ ነው። ቀዩ ሄልሜት ራሴ ላይ ነው። ማጥፋት እችል ነበር።

ወንዙ ዳር፣ ሪዲ ድረስ ወረድኩ። እንደዚያ ነድቼ አላውቅም፤ መጠምዘዣው ላይ አዘነበልኩ! ባዶው ሳጥን ከኋላዬ ሲንኳኳ። ድልድዩ ጋ ቆሜ የተጠበሰ ዓሣ ከተዳጠ ሩዝ ጋር አዘዝኩ። ወንዙ አረንጓዴ ሆኗል።

ማዳን ደወለ። የሆነ ሰው አይቶኝ ነግሮታል።

«እትዬ፣ ውሻው ደግሞ ታመመ እንዴ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ የት ነዎት?»

«ሪዲ። ዓሣ እየበላሁ።»

«እሱስ፣ አብሮዎት ነው?»

«ቤት ቀረ።»

«ለምን?»

«ሞተር አይወድም» አልኩት።